መልሱን ተወው

የጎጃሟ ፍኖተ ሰላም ከተማ ውስጥ አንድ ፀጉር ቤት ገብቶ ተራ መጠበቂያው አግዳሚ ላይ ቁጭ ብሎ ለሚያይ ሰው ቶሎ የሚገለጥለት ነገር አለ። ደንበኛው ሊከፍል እጁን ወደ ኪሱ ሲሰድ ቆራጩ ፊቱን ያዞራል። ሥራ ይፈጥራል። ደንበኛው ለብሶት የነበረውን ጨርቅ በር ድረስ ወስዶ ያራግፋል፤ ማሽኑን ገልብጦ ጥርሱ ውስጥ የተሰገሰገውን ፀጉር በትንሿ ብሩሽ ይጠርጋል፤ አንዴ የጠበቀውን የአልኮል ጠርሙስ ክዳን ደግሞ ያጠብቃል። ግን ከፊቱም ከኋላውም መስታወት ነው። ኪስ የገባችው እጅ ምን ይዛ እንደምትወጣ በሁለቱም በኩል ያያታል።

ደንበኛው ጎልማሳ ነው፤ አለባበሱ የመሥሪያ ቤት ሰው ያስመስለዋል። የዘረጋው ባለ 100 ብር ነው። ዋጋው 80 ብር ነው እንበል። (ዋጋ ከቤት ቤት፣ ከወር ወርም ስለሚለያይ ቁጥሩን የያዝሁት ለሂሳቡ ያህል ነው።) ቆራጩ ብሩን በሁለት እጁ ተቀብሎ ወደ መሳቢያው ይሄዳል፤ አረማመዱ የቸኮለ ሰው አረማመድ አይደለም። ይከፍተዋል፣ ሁለት አሥር ብር የጠፋበት ይመስል ያገላብጠዋል። ያኔ ከኋላው "መልሱን ተወው" የሚል ድምፅ ይመጣል፤ ወይም አይመጣም።

ከመጣ፣ "ኧረ ጋሼ! ያክብርልኝ" ይላል። ካልመጣ ሁለቱን አሥር ብር ቆጥሮ "ይመችዎት" ብሎ ያስረክባል። ፊቱ ላይ ቅሬታ አይነበብም፤ ሰውየው ከወጣ በኋላም ነገሩ አይነሳም። እዚህ አገር ጉርሻ አይጠየቅም። የጠየቀ ቆራጭ "ዓይኑ ኪስ ላይ ነው" ይባልና ደንበኛው በሚቀጥለው ወር ከመንገዱ ማዶ ያለው ቤት ይገባል።

ታዲያ ስንት ነው የሚሰጠው? አሜሪካ ቢሆን መልሱ ቀላል ነበር፤ ፀጉር የተቆረጠ ሰው ከ15 እስከ 20 በመቶ ጨምሮ ይወጣል፣ ያልጨመረ በክፉ ዓይን ይታያል። ጃፓን ደግሞ ጉርሻ የሚባል ልማድ የለም፤ የሰጠ ሰው ገንዘብ ረስቶ የሄደ መስሏቸው ተከትለውት ሊሮጡ ይችላሉ። ፍኖተ ሰላም በመቶኛ የሚያሰላም፣ ብር ይዞ የሚከተልም የለም። እዚህ የጉርሻውን ልክ የሚቆርጠው ብሔራዊ ባንክ ነው፤ ሳያውቀው።

ነገሩ እንዲህ ነው። በመስከረም 2013 ዓ.ም. የብር ኖት ሲቀየር ባለ 10፣ ባለ 50 እና ባለ 100 በአዲስ መልክ ወጡ፣ ባለ 200 ለመጀመሪያ ጊዜ ታተመ፣ ባለ 5 በነበረበት ቀረ። ከ10 ቀጥሎ ያለው 50 ነው፤ በመካከላቸው ባለ 20 ወይም ባለ 25 የሚባል ኖት የለም። ስለዚህ ጉርሻ የሚወለደው በዋጋውና በኖቱ መካከል ባለችው ክፍተት ነው። ዋጋው 80 ሲሆን 20 ትተርፋለች፤ 90 ሲሆን 10። ዋጋው ድፍን 100 የሆነ ዕለት ግን የሚተርፍ ነገር የለም፤ ጉርሻ ልስጥ ያለ ሰው ሌላ ኖት መምዘዝ ሊኖርበት ነው። ኖት መምዘዝ ደግሞ መልስ ከመተው ጋር አንድ አይደለም። መልስ ለመተው ዝም ብሎ መውጣት ይበቃል። ኪስ ሁለተኛ ጊዜ ከተገባ ግን ተራ የሚጠብቁት ሁሉ ያያሉ፣ "ሀብታም ነው" ወይም "ጉራ ነው" ይላሉ፤ ጎጃሜ ደግሞ ሁለቱንም መባል አይወድም።

ከዚህ የሚከተለውን ሂሳብ ብዙ የፀጉር ቤት ባለቤቶች ያሰቡበት አይመስለኝም። በግማሽ የሚሠራ ቆራጭ ከ80 ብር 40 ይደርሰዋል። መልሱ ከተተወለት 60 ይሆንለታል። ባለቤቱ ኑሮው ተወዷል ብሎ ዋጋውን 100 ቢያደርገው የቆራጩ ድርሻ 50 ይሆናል፤ መልስ የለም። ዋጋው በ20 ብር ጨምሮ የሠራተኛው እጅ በ10 ብር ቀለለ ማለት ነው። "ለእናንተም ስል ነው የጨመርሁት" የሚል ባለቤት ይህን ቢያሰላ ዋጋውን 90 ላይ ወይም 110 ላይ ባቆመው ነበር። 110 ከሆነማ ባለ 200 የሰጠ ሰው 90 ብር መልስ ይተዋል ተብሎ አይጠበቅም፤ ግን ከመልሱ ውስጥ አሥር ብሩን መዝዞ መልሶ መስጠት ለማንም አይከብድም።

በግማሽ መሥራት የዚህ ሙያ የቆየ ውል ነው። ቤቱ፣ ወንበሩ፣ መስታወቱ፣ መብራቱና ንግድ ፈቃዱ የባለቤቱ፣ እጁ የቆራጩ፤ ማታ ሂሳብ ተሠርቶ ይካፈላሉ። ማሽኑን ቆራጩ ራሱ ይዞ ከመጣ ድርሻው ከፍ ይላል፤ የወር ደመወዝ የሚቆርጡም አሉ። ወረቀት የሚፈራረም ብዙም አይታይም። ከበሩ ጀርባ በተሰቀለ ደብተር ላይ በየስሙ አንጻር ጭረት ይጫራል፣ አምስተኛዋ ጭረት በአራቱ ላይ ትጋደማለች፣ ማታ ይቆጠራል። ከደብተሩ ውጪ የምትቀረው መልሷ ብቻ ናት። ከቀኑ ገቢ ውስጥ ለሁለት የማትከፈል ብቸኛ ገንዘብ እሷ ነች። ባለቤት ለሆነው ቆራጭ 20 ብሯ ከ80ው ጋር ተደምራ 100 ትሆናለች፤ ለተቀጣሪው ግን የግማሽ ራስ ዋጋ ነች።

ሕጉም ጉርሻን ከደመወዝ ጋር አይቆጥራትም። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 በአንቀጽ 53 ደመወዝ የማይባሉትን ክፍያዎች ሲዘረዝር ከደንበኞች የሚገኝ የአገልግሎት ክፍያንም ከትርፍ ሰዓትና ከቦነስ ጋር አስቀምጦታል። በዚያ ላይ በግሉ ዘርፍ ላለ ሠራተኛ ከዚህ በታች አይከፈል የሚል ወለል አልተበጀም፤ አዋጁ የደመወዝ ቦርድ ይቋቋማል ብሎ መንገዱን ከፍቶ ነው ያለፈው። እንግሊዞች ጉርሻን ለብቻው ሕግ አውጥተውለታል፤ እ.ኤ.አ. ከጥቅምት 1 ቀን 2024 ጀምሮ አሠሪ ከጉርሻ ላይ ቀንሶ ማስቀረት አይችልም። እኛ ዘንድ ያለው ዳኛ ልማድ ነው። አጣቢና ጠራጊ ልጅ ባለበት ቤት ጉርሻውን በጣሳ አጠራቅመው ማታ የሚካፈሉ አሉ፤ ሁሉም የእጁን ይያዝ የሚሉም አሉ። ሁለተኛው የባሰ ይመስለኛል። ጠራጊው ልጅ ለማንም ጸጉር ስላልቆረጠ ማንም መልስ አይተውለትም።

ዋጋው ራሱስ ከየት ይመጣል? የፍኖተ ሰላም ማንጎ ከጓሮ ይለቀማል፤ የፀጉር ማሽን ግን ከቻይና ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ብሔራዊ ባንክ የውጭ ምንዛሪውን ለገበያ ሲለቀው በ57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። ዶላር አይተው የማያውቁ ቆራጮች ወሬውን የሰሙት የማሽን ጥርስ ሊቀይሩ ሱቅ ሲሄዱ ነው። ቅባቱም፣ ቀለሙም፣ ምላጩም፣ ማሽኑ የሚቆምበት ቻርጀርም አብረው ወጡ። ከመስከረም 2017 ዓ.ም. ጀምሮ ደግሞ የኤሌክትሪክ ታሪፍ በአራት ዓመት ውስጥ ደረጃ በደረጃ እንዲጨምር ተደርጓል። ታሪፉ ጨመረ ማለት መብራቱ አይጠፋም ማለት አይደለም።

መብራት ሲጠፋ ፀጉር ቤት ውስጥ የሚሆነውን ያላየ ሰው ይየው። ማሽኑ በቀኝ ጆሮ በኩል ወጥቶ አናት ላይ ሲደርስ ድምፁ ድንገት ይቆማል። ግማሽ ራሱ የተሠራ፣ ግማሹ ጎፈሬ የሆነ ሰው መስታወት ውስጥ ራሱን እያየ ይቀራል። ቆራጩ በባትሪ የሚሠራውን ትንሹን ማሽን ያነሳል፤ ቻርጁ ያለቀበት እንደሆነ መቁረጡን ትቶ ይነጫል፣ ደንበኛውም "ኡፍ!" ብሎ ከወንበሩ ይነሳል። አንድ ወጣት በዚህ ሁኔታ ቆብ ደፍቶ ሻይ ቤት ሄዶ ሲጠብቅ አይቻለሁ። መብራቱ ሲመጣ ተመልሶ አስጨረሰ፣ ከፈለ፣ መልሱንም ተወ። ጓደኞቹ "ለምኑ ነው ጉርሻው?" ብለው ሳቁበት። "እሱ ምን ያድርግ፣ መብራት ኃይል አይደለ!" አለ።

ከሚከፍለው ወገን ደግሞ እንየው። ከመስከረም 2018 ዓ.ም. በተደረገው ማስተካከያ የመንግሥት ሠራተኛ ዝቅተኛው ደመወዝ ከ4,760 ወደ 6,000 ብር፣ የጀማሪ ዲግሪ ምሩቅ ደግሞ ከ9,000 ወደ 11,500 ብር ከፍ ብሏል። ሦስት ወንዶች ልጆች ያሉት የቢሮ ጥበቃ በወር አንድ ጊዜ ልጆቹን አስከትሎ ቢገባና ቤቱ ለሕፃን ባይቀንስለት፣ በዚያችው በ80 ብር ስሌት 320 ብር ይከፍላል። ይኼ ከ6,000 ብር ላይ ከ5 በመቶ በላይ ነው፤ ለአንድ ቀን ከሰዓት። እንዲህ ያለው ሰው ባለ 100፣ ባለ 100፣ ባለ 100 እና ሁለት አሥር ብር ቆጥሮ ሲሰጥ ቆራጩ መሳቢያ ጋ አይዘገይም። ብልህ ቆራጭ የመጨረሻውን ልጅ ሳይቆጥር ሊያልፈውም ይችላል፤ ከራሱ ድርሻ ላይ መሆኑ ነው። ይህ ጉርሻ ተገላብጦ ሲሄድ ነው፤ ማንም በዚህ ስም አይጠራውም እንጂ።

የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ነጋዴ ዋጋውን በሚታይ ቦታ እንዲያመለክት ያዝዛል። ስለዚህ ግድግዳው ላይ ዝርዝር አለ፤ ፀጉር፣ ፂም፣ ፀጉርና ፂም፣ ሕፃን፣ ቀለም። የቁጥሮቹ ቦታ በወረቀት ላይ ወረቀት ስለተለጠፈበት አብጧል። ጠርዙን በጥፍር ቢልጡት የሦስት ዓመት የኑሮ ውድነት ታሪክ ከሥሩ ይወጣል። ዝርዝሩ ላይ የማይጻፈው የበዓል ዋዜማ ነው። ለእንቁጣጣሽ፣ ለገና፣ ለጥምቀት፣ ለፋሲካ ዋዜማ ሰልፉ በረንዳውን አልፎ መንገድ ይወጣል፤ ቆራጩ ምሳ ሳይቀምስ፣ ሲጾም የዋለም ከሆነ ውሃ ሳይጠጣ እስከ ሌሊት ይቆማል። በዚያ ቀን መልሱን ቆጥሮ የሚቀበል ሰው ጥቂት ነው። የተቆረጠው ፀጉር በመጥረጊያ ተሰብስቦ ጥግ ላይ ጉብታ ሲሠራ ማየት ራሱ እጅን ይፈታል።

የእኔን ደንብ ለጠየቀኝ እነግረዋለሁ። በአዘቦት ቀን መልሷ 10 ወይም 20 ብር ከሆነች ትቀራለች። ዋጋው ድፍን ከሆነ አሥር ብር ለብቻ ይዤ እገባለሁ። ለበዓል ዋዜማ የዋጋው ግማሽ። ፂምና ፀጉር አብሮ ያሠራ፣ ፊቱን በትኩስ ፎጣ ያስጠቀለለ፣ ትከሻውንም ያስታሸ ሰው ከዚህ ማነስ የለበትም። የዋጋ ክርክር ግን ወንበር ላይ ከመቀመጥ በፊት ያልቃል፤ ግማሽ ራስ ተሠርቶ "ስንት ነው?" ማለት ለሁለቱም ወገን ደግ አይደለም።

ቡሬ ላይ ሂሳቡ ሌላ ነው። ቡሬ የመንገድ ከተማ ናት፤ ከአዲስ አበባ በደብረ ማርቆስ አድርጎ ወደ ባሕር ዳር የሚያልፈው መንገድ ከዓባይ ማዶ ከነቀምቴ ከሚመጣው ጋር የሚገናኝባት። በ2013 ዓ.ም. የተመረቀው የፌቤላ ዘይት ፋብሪካና የተቀናጀ የአግሮ ኢንዱስትሪ ፓርኩ ደግሞ ከሌላ አገር የመጣ ሠራተኛ ጨምረውባታል። የከባድ መኪና ሹፌር መኪናውን ዳር አስይዞ፣ ረዳቱን ጎማ እንዲያይ ትቶ፣ የሰነበተ ፂሙን ሊላጭ ይገባል። አይከራከርም፤ አይዘገይም፤ አንድ ኖት ጥሎ ይወጣል። ባለሱቁ ጎረቤት ግን መልሱን እስከ አምስት ብሯ ቆጥሮ ይቀበላል።

ከዚህ ተነስቶ "መንገደኛ ቸር፣ አገሬው ስስታም" ማለት የሚያምረው ይኖራል። ነገሩ ወዲህ ነው። ባለሱቁ የቆራጩ ዕድርተኛ ነው። የቆራጩ እናት ስትታመም ያንኑ ጠዋት የጠየቀው እሱ ነው፤ በወሩ መጨረሻ ዱቤ ዘይትና ስኳር የሚሰጠውም እሱ ነው። መልሱን ሲቀበል የሚቀበለው ከሌላ ደብተር ላይ ነው። ሹፌሩ እንዲህ ያለ ደብተር የለውም፤ ከቆራጩ ጋር የሚኖረው ዝምድና ያቺ አንድ ኖት ብቻ ስለሆነች ወፈር ያደርጋታል። ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ወዲህ በአማራ ክልል በቀጠለው ግጭት መንገድ በተዘጋ ቁጥር ደግሞ ቡሬ ላይ ቀድሞ የሚደርቀው ይኸው ገንዘብ ነው። ፀጉር ማብቀሉን አያቆምምና የአገሬው ሰው ዘግይቶም ቢሆን ይመጣል። የሹፌሩ ወንበር ግን ባዶ ይውላል።

ሌላም ስስ ነገር አለ፤ ዕድሜ። ለወጣት ቆራጭ "መልሱን ተወው" ይባላል። ቆራጩ ጠጉሩ የሸበተ፣ መቀሱን ከማሽን በፊት የለመደ ሰው ከሆነ ግን ይህንኑ ቃል መወርወር ድፍረት ነው፤ "ምን ቸግሮኝ?" ብሎ መልሱን ኪስ ውስጥ የሚከትትልህ ይኖራል። ለእሱ "አያ፣ ቡና ይጠጡበት" ይባላል፤ ብሩም በእጅ ሳይሆን መስታወቱ ሥር ካለው ማበጠሪያ አጠገብ ይቀመጣል። "ለሻይ" ማለትም ያስኬዳል፤ ምንም እንኳ ይኸው ቃል በአንዳንድ መሥሪያ ቤት መስኮት ላይ ሌላ ሥራ እየሠራ ስሙ ቢጎድፍም። ልዩነቱ ፀጉር ቤት ሻይ የሚባለው ሥራው ካለቀ በኋላ መሆኑ ነው።

ከአስፋልቱ ወጥቶ ወደ ጃቢ ጠህናን ቀበሌዎች፣ ወደ ወምበርማ፣ ወደ ቋሪት፣ ወደ ደጋ ዳሞትና ወደ ሰከላ ለሚዘልቅ ሰው የዋጋ ዝርዝር የተለጠፈበት ግድግዳ እየራቀ ይሄዳል። እዚያ ራስ የሚላጨው በወንፈል ነው። እሑድ ከቅዳሴ መልስ ወይም የበዓል ዋዜማ ሁለት ጎረቤታሞች ጥላ ሥር ይቀመጣሉ። አንዱ ራሱን በሳሙና አረፋ ያርሳል፣ ሌላው ምላጩን ለሁለት ሰብሮ ግማሹን በጣቶቹ መካከል ይይዛል፤ ከግንባር ወደ ኋላ ይጀምራል፣ አረፋውን በየመሀሉ በአውራ ጣቱ ጠርጎ መሬት ላይ ያራግፋል። ከዚያ ይቀያየራሉ። እርሻ በወንፈል እንደሚታረሰው ሁሉ ዕዳው የሚከፈለው ዕዳው በተገባበት ዓይነት ነው፤ ራስ በራስ። ጉርሻ የሚሰጥበት ቀዳዳ የለውም። እጁ የሚያደማ ሰው ግን አለ፤ እሱ የሚላጨው አያጣም፣ ራሱን የሚሰጠው እንጂ።

በአብነት ትምህርት ቤቶችም እንዲሁ ነው። ለቅኔ ብሎ ጎጃም የወረደ የቆሎ ተማሪ ራሱን የሚላጨው ጓደኛው ነው፤ ከሁለቱም ኪስ የሚወጣ ነገር የለም። የሕፃናቱን ራስ ደግሞ እናት ወይም አያት ናት የምትላጨው። ለወንዱ ቁንጮ፣ ለሴቷ ጋሜ አስቀርታ፣ የልጁን ጭንቅላት በጉልበቷ መካከል ይዛ፣ እሱ እያለቀሰ። ዛሬ ቁንጮና ጋሜ እየቀሩ ነው፤ ልጁ ከተማ ያየውን ቁርጥ ይፈልጋል፣ ጎን ጎኑ አጥሮ ላዩ የቆመውን። ያንን ቁርጥ ደግሞ አያት አትችለውም። ገጠሩን ወደ ከፋይነት ያስገባው ከሁሉ በላይ ይኸው የልጆች ፋሽን ይመስለኛል።

ምላጩ ራሱ ዋጋ ያወጣው የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ቤት ለቤት መዞር ከጀመሩ ወዲህ ነው። መርሐ ግብሩ በ1990ዎቹ አጋማሽ ሲጀመር ከሚያስተምሩት አንዱ ስለት በጋራ አለመጠቀም ነበር፤ በዚያን ጊዜ ኤችአይቪ ከሁሉ የሚፈራ ነገር ነበርና ትምህርቱ ሰመረ። ቆረቆር ከራስ ወደ ራስ እንደሚጋባ እናቶች ቀድሞም ያውቁ ነበር። ዛሬ በወንፈል የሚላጭ ሰው የራሱን ምላጭ ከነወረቀቱ ይዞ ይመጣል። ከተማ ፀጉር ቤትም ምላጩ ከወረቀቱ ሲወጣ በዓይኑ ያላየ ደንበኛ አንገቱን አይሰጥም፤ ማሽኑ በአልኮል ሲጸዳ፣ እሳት ተለኩሶበት ሰማያዊ ነበልባል ሲል ማየትም ከዋጋው ውስጥ ነው። ይህን የማያደርግ ቤት በርካሽ ቢሠራም ውድ ነው፤ ጉርሻም አይገባውም።

በከተማው ፀጉር ቤትና በገጠሩ ወንፈል መካከል ያለው የገበያ ቀን ቆራጭ ነው። ዛፍ ግንድ ላይ ምስማር፣ ምስማሩ ላይ መስታወት፣ ከሥሩ አንድ የፕላስቲክ ወንበር፣ እጁ ላይ ማታ ከተማ ቻርጅ ተደርጋ ያደረች ማሽን። ዋጋው ከፀጉር ቤቱ ይረክሳል፤ ኪራይ የለበትም፣ የሚካፈለው ባለቤትም የለውም። ገበሬው ከመቀመጡ በፊት ይከራከራል፤ በግ እንደሚገዛ ሰው ይነሳል፣ ይቀመጣል፣ ሊሄድ ይላል። መልሱንም ቆሞ ይጠብቃል።

ከእነዚህ ቆራጮች አንዱ ስለ አንድ የወምበርማ ደንበኛው አጫውቶኛል። "ዓመቱን ሙሉ ሁለት ብር እንኳ አልተወልኝም" አለ። "ሳንቲሟን ከመሬት አንስቶ ነው የሚሄድ።" በርበሬ ተለቅሞ፣ ደርቆ ገበያ በሚወጣበት ሰሞን ግን ሰውየው አህያውን እየነዳ ቀጥ ብሎ ወደ ዛፉ ይመጣል። ከጆንያው አፍ ላይ ሁለት እጁ እስከሚሞላ ዛላ ይዘግንና ከወንበሩ ሥር ባለው ፌስታል ውስጥ ያደርጋል፤ አንድ ጊዜ፣ ሁለት ጊዜ፣ ሦስተኛም ይደግማል። ከዚያ ተቀምጦ ይላጫል፣ ከመላጨቱ በፊትም እንደ ወትሮው በዋጋ ይከራከራል። ፌስታሉን ከዋጋው ጋር አያነሳውም። ቆራጩም አያነሳውም። "የዓመቱን መልስ ነው በአንዴ የሚተውልኝ" አለኝ፤ ሚስቱ የዚያን ዓመት ድልህ በዚያ በርበሬ እንደሠራች ነገረኝ። ቡሬና ወምበርማ የበርበሬ አገር ናቸውና ይህ ጉርሻ ከሹፌሩ ኖት ጋር ቢመዘን የትኛው እንደሚከብድ ገበያው ያውቃል።

የሴቶቹ ጉዳይ በራሱ ገጽ የሚፈልግ ነው፤ እዚህ አንድ ነገር ብቻ ልበልበት። ገጠር ሹሩባ የምትሠራ ባለ እጅ ጎረቤት ክፍያዋ ቡና ነው፤ ቅቤውን የምታመጣው ተሠሪዋ ናት፣ የተረፈውም ለሠሪዋ ይቀባል። ከተማ ሲመጣ ሹሩባው እንደ ቅጥነቱና እንደ ፀጉሩ ብዛት ይዋዋሉበታል፤ ካስኩ፣ ቢጎዲኑ፣ ፒያስትራው ለየብቻ ዋጋ አላቸው። በጥር የሠርግ ወራትና ከፋሲካ በኋላ ሙሽራና ሚዜ ሲመጣ ገንዘቡ ዳጎስ ይላል። ግን መታጠቢያው ጋ ቆማ ራስ የምታጥበውን ልጅ ተመልከቱ። አብዛኛውን ጊዜ ሙያ ለመልመድ የገባች ናት። ቀኑን ሙሉ እጇ በሻምፑና በቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ነው፣ ጣቶቿ ተሸብሽበው ነጥተዋል። ከዋጋው የሚደርሳት ትንሽ ነው፤ ጨርሶ የማይደርሳትም አለች። ደንበኛዋ ግን በመጨረሻ ፀጉሯን ያሳመረችላትን አይታ ለእሷ ትሰጣለች። መጀመሪያ መሰጠት ያለበት ለአጣቢዋ ነው፤ ያውም እዚያው መታጠቢያው ጋ፣ ከወንበሩ ሳይነሱ።

ከአሜሪካ ለእረፍት የመጣ ዘመድ የሚሰጠውንም ብዙዎች ያወሩለታል። ሲልቨር ስፕሪንግ ወይም አሌክሳንድሪያ ለአንድ ራስ የሚከፍለውን ወደ ብር እየመታ፣ ቡሬ ላይ የተጠየቀው ዋጋ የተሳሳቱ መስሎት ሁለት ባለ 200 ያስጨብጣል። ማንም አይጠላውም። ቆራጩ ለሳምንት ያወራዋል፤ ኪሱ ያልሞላው የሰፈር ልጅ ግን በማግሥቱ 20 ብር ሲተው እጁ ያፍራል። አንዳንዱም ከነጭራሹ ይተወዋል። ለመስጠት የቸኮለ እንግዳ በዚያው ወንበር ላይ የትናንቱ ደንበኛ ስንት እንደተወ ቢጠይቅ ምንም አይጎድልበትም።

አሁን ግን ጉርሻን እየገደለ ያለው እንግዳም ስስታምም አይደለም፤ ስልክ ነው። ቴሌብር በግንቦት 2013 ዓ.ም. ሥራ ሲጀምር ፀጉር ቤቶች ቶሎ ተቀብለውታል፤ ዝርዝር ገንዘብ ፍለጋ ወደ ጎረቤት ሱቅ መሮጥ ቀረ። በክልሉ የሞባይል ዳታ ለወራት በተቋረጠበት ጊዜም ስልኩ እስከሠራ ድረስ በ*127# መክፈል ይቻል ነበር። ነገር ግን በስልክ የሚከፍል ሰው 80 ከተባለ 80 ይልካል። መልስ የለም። መሳቢያም የለም፤ ቀስ ብሎ ወደ መሳቢያው መሄድም የለም። ገንዘቡ የሚገባው በባለቤቱ ቁጥር ነው፤ ደንበኛው ደስ ብሎት 100 ቢልክ እንኳ ሃያዋ ደብተሩ ውስጥ ገብታ ማታ ለሁለት ትከፈላለች። ባለቤቱ ካላስታወሰም ጨርሶ አትወጣም።

መፍትሔውን ለማየት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። መስታወቱ ጥግ ላይ የባለቤቱ ቁጥር ተጽፎ ተለጥፏል። ከሥሩ ደግሞ ለየቆራጩ አንዳንድ ቁራጭ ወረቀት የሚለጠፍበት ቦታ አለ፤ ስሙና ቁጥሩ፣ ሌላ ምንም። ዋጋው ላይኛው ጋ፣ ጉርሻው ታችኛው ጋ ይላካል። ይህን ሐሳብ ለአንድ የፍኖተ ሰላም ቆራጭ ሳነሳለት ሳቀ። "መለጠፉንስ እለጥፈዋለሁ" አለ፤ "ግን ወረቀት መለጠፍ መጠየቅ አይሆንም ወይ?" ባለቤቱ ከወዲያ ሆኖ ሰምቶ ኖሮ፣ "አንተ ከፈራህ እኔ እለጥፍልሃለሁ፣ ቁጥርህን አምጣ" አለው። ቆራጩ ቁጥሩን ሲናገር አጣቢው ልጅ መጥረጊያውን ይዞ መጣና የእሱም ከሥር እንዲጻፍለት ጠየቀ።